የዓሣ ሱቁ ደህና አክሮፖራ የማያመጣው ለምንድን ነው?

በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንባቢ የላኩት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ "75 ጋሎን የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አለኝ፤ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለስላሳ ኮራሎቹም፣ ቶርች የሚባለው ኮራልም ጥሩ እያደጉልኝ ነው። አሁን አክሮፖራ ወደሚባለው ድንጋያማ ኮራል ልገባ ብዬ በአቅራቢያዬ ያሉትን ሦስት ሱቆች ብዞር ሁሉም የሚሸጡት አንድ ዓይነት ኮራል ነው፤ መሽሩም፣ ዞአንቲድ፣ ቶርች። አክሮፖራ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቡናማ ሆኖ 80 ዶላር ይላል። ሻጩን የውሃችሁ አልካሊኒቲ (የካርቦኔት መጠን) ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው አያውቅም። እንደምንም ሁለት ገዝቼ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የገንዳዬን ውሃ በጠብታ እየጨመርኩ አላምጄ ባስገባቸው በአሥር ቀን ውስጥ ከሥራቸው እየተላጡ ሞቱ። የኔ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ናይትሬት 0፣ ፎስፌት 0፣ አልካሊኒቲ 7.6። የሱቆቹ ችግር ስግብግብነት ነው ወይስ አለማወቅ? ትቻቸው ሁሉንም ከኢንተርኔት ልግዛ?"

ስግብግብነትም አለማወቅም ዋናው ምክንያት አይደለም። አክሮፖራ የዓሣ ሱቅ ከሚተዳደርበት የሽያጭ ፍጥነት ጋር አብሮ የማይሄድ እንስሳ ነው፤ ባለ ሱቁ ቢያውቅም፣ ቢፈልግም ይቸገራል። የሞቱብዎት ሁለት ኮራሎች ጉዳይ ደግሞ በሱቁ ብቻ የሚላከክ አይደለም፤ "ንጹሕ" ያሉት የራስዎ ውሃም እጁ አለበት። በቅድሚያ ሱቁን፣ ቀጥሎ የእርስዎን ገንዳ እንይ።

ሱቅ የሚኖረው ቶሎ ገብቶ ቶሎ በሚወጣ ዕቃ ነው። ቶርች ከማጓጓዣ ላስቲኩ ወጥቶ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክንዶቹን ዘርግቶ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ለልጁ ክሎውንፊሽ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳይቀር አይቶ ይወስደዋል። መሽሩምና ዞአንቲድ ደካማ ብርሃንም፣ ከፍ ዝቅ የሚል ውሃም ችለው ወራት ይቆያሉ። አክሮፖራ ግን ከጉዞ ሲደርስ ፖሊፖቹን (በሥጋው ላይ ያሉትን ትናንሽ አፎችና ክንዶች) ዘግቶ፣ ቀለሙን ጥሎ ነው። ለዓይን የሚማርክ ሆኖ እስኪታይ ጠንካራ ብርሃን፣ ኃይለኛ የውሃ እንቅስቃሴና ለሁለት ለሦስት ወር የማይዋዥቅ ውሃ ይፈልጋል። በነዚህ ወራት ቦታ ይዟል፣ መብራት ይበላል፣ በየቀኑ ውሃውን የሚለካለት ሰው ይሻል፤ ገንዘብ ግን አያስገባም። ያን ሁሉ ታግሦ ቀለሙን ሲያወጣም ገዢው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ገዢ ደግሞ "አክሮፖራ አላችሁ?" ብሎ አይጠይቅም፤ በፎቶ ያየውን፣ ስም የወጣለትን አንድ የተወሰነ ዘር ነው የሚፈልገው። ሱቁ ሃያ ዓይነት ቢደረድርለት የእሱ ልብ ያለው ሃያ አንደኛው ላይ ነው።

80 ዶላሩን እናስላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው እንጂ የአንድ ሱቅ መዝገብ አይደሉም። ሱቁ አሥር ቁራጭ በ25 ዶላር ሒሳብ ቢያዝ 250 ዶላር ነው። ከአየር ጭነቱ ለነዚህ የሚደርሰው ድርሻ 100 ዶላር ቢሆን 350 ሆነ። ሁለቱ ላስቲክ ውስጥ ሞተው ቢደርሱ፣ ሁለቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢላጡ፣ ሁለቱ ቡናማ ሆነው በ20 በ20 ዶላር ቢሸጡ፣ የቀሩት አራቱ 310 ዶላር መመለስ አለባቸው፤ እያንዳንዳቸው 77 ዶላር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። ጅምላ ሻጩ ሞተው ለደረሱት ሁለቱ ገንዘቡን ቢመልስ እንኳ ወደ 65 ዶላር ዝቅ ቢል ነው። ኪራይ፣ መብራት፣ ጨውና ደመወዝ ገና አልተነኩም። 80 ዶላር የጠየቀዎት ሱቅ አልዘረፈዎትም፤ ምናልባትም ጨርሶ አላተረፈብዎትም።

ቡናማነቱንም እንደ በሽታ አይቁጠሩት። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ብርሃኑን ወደ ምግብነት ለውጠው ኮራሉን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ብርሃን ሲያንስ ወይም ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዛ ይበራከታሉ፤ ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ቀለም ይሸፍኑታል። ፖሊፖቹን ያወጣ፣ ሥጋው እስከ መሠረቱ ድረስ የሸፈነው ቡናማ አክሮፖራ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ብርሃን ሲያገኝ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። የሚያሰጋው ፈዛዛው ነው። አልጌዎቹን የጣለ ኮራል ሊሞት አንድ ሐሙስ ቀርቶት እንኳ በሰማያዊ መብራት ሥር ደምቆ ይታያል። ስለዚህ ሻጩ ነጩን መብራት እንዲያበራልዎ ይጠይቁ፤ መሠረቱ ላይ ነጭ አጽም የተገለጠበትን፣ ቀለሙ ምንም ይመር፣ አይግዙ።

አሁን ሱቁን አብዝቶ ወደሚፈትነው ነገር እንምጣ። ድንጋያማ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ነው። በዚህ ሥራ አልካሊኒቲ በ1 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ ነው) ሲወርድ ካልሲየሙ በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል አብሮ ይወርዳል። ቤት ውስጥ ይህ ፍጆታ የሚጨምረው ኮራሉ ሲያድግ ቀስ እያለ ስለሆነ የጎደለውን በጥቂት በጥቂቱ የሚጨምረውን የዶዚንግ ፓምፕ አልፎ አልፎ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ግን ኮራሉ ሐሙስ በሳጥን ይገባል፣ ቅዳሜ ይሸጣል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሲስተም በቀን 1.5 ዲኬኤች ይበላል እንበል፤ ፓምፑም በዚያው ልክ ተሞልቷል። ቅዳሜ ዕለት ከድንጋያማ ኮራሎቹ ሲሶው ቢሸጥ ፍጆታው ወደ 1 ይወርዳል፤ ፓምፑ ግን ይህን ስለማያውቅ 1.5ቱን ማፍሰሱን ይቀጥላል። በቀን ግማሽ፣ በሳምንት 3.5 ዲኬኤች ተረፈ ማለት ነው። በዚህ ቅዳሜ 8 የነበረው በሚቀጥለው ቅዳሜ 11.5 ይሆናል። መሽሩሙ ምንም አይመስለውም፤ ቶርቹ ትንሽ ይኮማተራል፤ አክሮፖራው ግን ጫፉ ይቃጠላል፣ ከሥሩም መላጥ ይጀምራል። ጥሩ ሽያጭ የነበረበት ቅዳሜ ራሱ ለቀሩት ኮራሎች አደጋ ይዞ ይመጣል። ይህን ለመከላከል በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለክቶ ፓምፑን የሚያስተካክል ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ያ ሠራተኛ ደግሞ ደንበኛ ሲያስተናግድ፣ ዓሣ ሲይዝ፣ መስታወት ሲያጸዳ ይውላል። በዶዚንግ ፋንታ በውሃ ቅያሪ ብቻ የሚተማመኑ ሱቆችም አሉ። ከጨው ዓይነቶች ውስጥ ሲበጠበጡ 11 ወይም 12 ዲኬኤች የሚሰጡ ስላሉ ትልቅ ቅያሪ በተደረገ ቁጥር ውሃው ይዘላል፤ እስከሚቀጥለው ቅያሪም ተመልሶ ይወርዳል።

ዓሣውና ኮራሉ ውሃ መጋራት አለመቻላቸው ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ከውጭ የሚመጣ የባሕር ዓሣ ነጭ ነጠብጣብና ቬልቬት የሚባሉትን ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ ስለሚመጣ ብዙ ሱቆች በዓሣው ሲስተም ውስጥ መዳብ ይጨምራሉ፤ የውሃውንም ጨውነት (በስፔሲፊክ ግራቪቲ ሲለካ) ወደ 1.018 ያወርዱታል። ዓሣን የሚያድነው የመዳብ መጠን ኮራልን ይገድላል፤ ኮራልም ከ1.025 እስከ 1.026 ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሌላ ፓምፕ፣ ሌላ ስኪመር (በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣ ማጣሪያ)፣ ሌላ ማሞቂያ ይገዛል። በተለየው ገንዳ ውስጥም ጠቡ አያበቃም፦ ቶርች በፓር (ኮራሉ የሚጠቀምበት ብርሃን መጠን) መለኪያ ከ75 እስከ 150 ሲበቃው አክሮፖራ ከ250 እስከ 350 ይሻል፤ ለአክሮፖራ የሚመች የውሃ ግፊት የቶርቹን ሥጋ ከአጽሙ ላይ ይገነጥላል። ሱቁ ሁሉንም ጎን ለጎን ሲደረድር መብራቱንና ግፊቱን የሚያመቻቸው ለሚሸጥለት ነው። (እግረ መንገዴን፦ ዓሣ ሲገዙ የላስቲኩን ውሃ በፍጹም ወደ ገንዳዎ አይገልብጡ፤ መዳቡ አብሮ ይገባል።)

የአቅርቦቱ መንገድም ለሱቁ አይመችም። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ከአገር ሲወጡ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ መሽሩምና ዞአንቲድ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሦስቱ ሱቆች አንድ የሚመስሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2018 የኮራል ኤክስፖርቷን አቁማ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በእርባታ ለተገኙት መልሳ ከፍታለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ሃያ የኮራል ዝርያዎችን፣ አንዳንድ አክሮፖራዎችን ጨምሮ፣ የመጥፋት ስጋት ያለባቸው ብላ መዝግባለች። በፍሎሪዳና በሃዋይ ዳርቻ ድንጋያማ ኮራል መልቀም ክልክል ነው። (እስራኤል ውስጥ ኤላት አካባቢ ላላችሁ አንባቢዎችም ያው ነው፤ የቀይ ባሕርን ኮራል፣ የወደቀ ስባሪም ቢሆን፣ ማንሳት በሕግ ያስቀጣል።) ስለዚህ ቨርጂኒያ የሚደርሰው አክሮፖራ ብዙውን ጊዜ ፓስፊክን አቋርጦ፣ ሎስ አንጀለስ ካሉ ጅምላ ሻጮች ዘንድ አርፎ፣ እንደገና ታሽጎ በአውሮፕላን የመጣ ነው። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ የአርቢውን፣ የጅምላ ሻጩን፣ የሱቁን፣ በመጨረሻም የእርስዎን ውሃ ይቀምሳል። ባለ ሱቁም መርጦ አይገዛም፤ "ልዩ ልዩ አክሮፖራ" በሚል ዝርዝር የመጣለትን ይቀበላል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ዕቃው ራሱ የሚባዛ መሆኑ ነው። አክሮፖራ በአጥንት መቁረጫ ይቆረጣል፣ ቁራጩ በጄል ሱፐር ግሉ በሴራሚክ መሠረት ላይ ይለጠፋል፣ ሥጋው መሠረቱን እየሸፈነ ወደ ላይ ያድጋል፤ ዘሩ ቅንጣት አይለወጥም። አምና ለሱቁ 80 ዶላር የከፈለ ሰው ዘንድሮ ያንኑ ዘር ቆርጦ ለሌላው በ25 ዶላር ሊሸጥ ይችላል፤ ኪራይ የለበት፣ የጭነት ወጪ የለበት፣ የሞተ ሳጥን የለበት። በእርስዎ አካባቢ ዋማስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የዋሽንግተን አካባቢ የባሕር አኳሪየም ማኅበር አለ፤ በእንዲህ ዓይነት ማኅበር አባላት መካከል ቁራጭ መለዋወጥ የተለመደ ነው። ሱቁ ጀማሪውን ያስተምራል፤ ጀማሪው ሲበስል ኮራሉን ከባልንጀራው፣ መብራቱንና ፓምፑን ከኢንተርኔት ይገዛል። ለሱቁ የሚቀረው ጨው፣ የተጣራ ውሃ፣ ምግብና ዓሣ ነው። ከዚህ ገቢ ላይ ለጥቂት ሰው ብሎ የአክሮፖራ ገንዳ እንዲያቆም መጠበቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ይህን ስል ሻጩን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። አልካሊኒቲውን የሚያውቅ አንድም ሰው የሌለበት ሱቅ አክሮፖራ መሸጥ የለበትም፤ እርስዎም ከዚያ መግዛት አልነበረብዎትም። መፍትሔው ግን ክርክር አይደለም። ኮራሉ ከተቀመጠበት ገንዳ በትንሽ ጠርሙስ ውሃ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ለአልካሊኒቲ መለኪያ 5 ሚሊሊትር ያህል ይበቃል። ቤትዎ ወስደው ይለኩ፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይቅዱ። ሁለቱ ውጤቶች ከ0.5 በላይ ካልተራራቁ፣ ከራስዎ ውሃም በ1 ዲኬኤች ክልል ውስጥ ከሆኑ፣ ያ ሱቅ ሊታመን ይችላል።

አሁን ወደ እርስዎ ገንዳ። ናይትሬትም ፎስፌትም 0 መሆኑ ንጽሕና ሳይሆን ረሃብ ነው። ኮራሉም ሆነ በውስጡ ያሉት አልጌዎች ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ሁለቱ አብረው ከገንዳ ሲጠፉ አክሮፖራ ይነጣል፣ ሥጋው ይሳሳል፣ የአልካሊኒቲ ለውጥን የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል፤ አሸዋው ላይም ዲኖፍላጀሌት የሚባል አረፋ ያዘለ ቡናማ ልጋግ እንዲስፋፋ መንገድ ይከፈትለታል። ቶርቹና ለስላሳዎቹ መድመቃቸው አያታልልዎት፤ እነሱ ከሚበሉት ምግብም ስለሚጠቀሙ ቆይተው ነው የሚያሳብቁት። ምናልባት 11 ዲኬኤች አካባቢ ከነበረ የሱቅ ውሃ የወጣ ኮራል 7.6 ወደሆነ፣ ምግብ ወደሌለው ውሃ በአንድ ቀን ገባ። በአሥር ቀን ከሥር መላጡ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። የሱቁ ውሃ ስላልተለካ ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ ተባይም ያንኑ ያደርጋል።

በጠብታ ማላመዱም አላዳነዎትም። ኮራል ከአልካሊኒቲ ለውጥ ጋር የሚላመደው በቀናትና በሳምንታት ነው፤ አንድ ሰዓት ለዚህ ምንም ማለት ነው። ረጅም መንገድ በላስቲክ ለመጣ ኮራል እንዲያውም ጎጂ ሊሆን ይችላል፤ ላስቲኩ ሲከፈት የታፈነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይጨምራል (የውሃው አሲድነት ይቀንሳል ማለት ነው)፣ የተጠራቀመው አሞኒያም ወደ መርዛማ ጠባዩ ይለወጣል። ላስቲኩን ሳይከፍቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አንሳፈው ሙቀቱን ማስተካከል፣ ጨውነቱ ተቀራራቢ መሆኑን ማየት፣ በተባይ ማጠቢያ ነክሮ ማስገባት ይበቃል።

ኮራል ከመግዛትዎ በፊት ውሃውን ያስተካክሉ። ፎስፌት የሚመጥ ማጣሪያ ከተጠቀሙ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ግማሹን አንሥተው ከሳምንት በኋላ ቀሪውን ያውጡ፤ ለዓሣው የሚሰጡትን ምግብ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ግቡ ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ነው። ናይትሬቱ አልነሣም ካለ ለአኳሪየም የተዘጋጀ የሶዲየም ናይትሬት ፈሳሽ በትንሹ መጨመር ይቻላል። አልካሊኒቲውን 7.6 ላይ ይተዉት፤ ጥሩ ቁጥር ነው፤ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ ብቻ ነው የምንፈልገው። ፍጆታውን ለማወቅ ጭማሪውን አቁመው በተመሳሳይ ሰዓት ለሁለት ቀን ይለኩ። ዛሬ 7.6፣ ከነገ ወዲያ 7.0 ካገኙ የቀን ፍጆታዎ 0.3 ነው። ድንጋዩና አሸዋው የያዘው ቦታ ሲቀነስ ሰምፑን (ማጣሪያዎቹ ያሉበትን ተጨማሪ ገንዳ) ጨምሮ በሲስተምዎ 260 ሊትር ያህል ውሃ አለ ብንል፣ 1 ዲኬኤች ለማንሣት ወደ 8 ግራም ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል፤ 0.3 ለመተካት በቀን 2.4 ግራም ገደማ። በተጣራ ውሃ አሟሙተው ፓምፑ በሚገፋበት ቦታ ቀስ ብለው ያፍስሱት። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ስለሆነ አይሳሳቱ። በቀን ከ0.5 በላይ ከፍ አያድርጉ። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም ከ1,250 እስከ 1,350 ውስጥ መሆኑን በሳምንት አንዴ ይመልከቱ። የመብራትዎን ፓር ሳይለኩ አክሮፖራ የት እንደሚቀመጥ መገመት ከንቱ ነው፤ መለኪያው ውድ ስለሆነ ከማኅበር አባል ይዋሱ።

ይህ ለስድስት ተከታታይ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ነው ከየት ልግዛ የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው። ሁሉንም ከኢንተርኔት መግዛት የሚሉት ነገር ጥቅም አለው፤ በኢንተርኔት የሚሸጡ የኮራል እርሻዎች የሚያቀርቡት በገንዳ ውስጥ ያደገ፣ ከላስቲክ ጉዞው በስተቀር ችግር ያላየ ቁራጭ ነው። ግን የጭነት ክፍያው ለአንድም ለስድስትም ኮራል ተቀራራቢ ስለሆነ "ካልቀረ" እያሉ ስድስት ማዘዝ ይመጣል፤ ይህ ለጀማሪ የከፋው ስሕተት ነው። ፎቶውም በሰማያዊ መብራት፣ ብዙ ጊዜም በቀለም ማጣሪያ የተነሣ ነው፤ ቤትዎ ያንን አይመስልም። ዋስትናው የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ በደረሰበት ዕለት የሞተውን ብቻ ነው፤ በአሥረኛው ቀን የተላጠው የእርስዎ ነው። ካዘዙ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ እንዲደርስ ያድርጉ፤ ከዘገየ ቅዳሜና እሑድን መጋዘን ውስጥ እንዳያድር። በሐምሌ ሙቀትና በጥር ብርድ አያዝዙ። በሱቁ በኩል ቀብድ ከፍሎ ማስመጣትም ይቻላል፤ ይህ የሚያዋጣው ሱቁ ሁለት ሳምንት አቆይቶ ሊሰጥዎት ከተስማማ ብቻ ነው። ሳጥኑ በተከፈተበት ቀን ከነላስቲኩ መግዛት ዋጋው ቢረክስም የሱቁን ኪሳራ በራስ ላይ ማዞር ነው።

የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ እንደ አክሮፖራ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ድንጋያማ ኮራሎች ከአካባቢዎ አሳዳጊ ይግዙ። ገንዳውን ያዩታል፣ እናቲቱን ኮራል ያዩታል፣ አልካሊኒቲውን፣ ፓሩን፣ የሚጠቀምበትን ጨው ይጠይቁታል፤ ኮራሉ መንገድ ላይ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው። ቁራጩ ከተቆረጠ ቢያንስ ወር የሆነው፣ ሥጋው መሠረቱን መሸፈን የጀመረ ይሁን። በራሱ በአክሮፖራ ግን አይጀምሩ። መጀመሪያ ሞንቲፖራ፣ ስታይሎፎራ ወይም በርድስኔስት አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ያስገቡ። እነዚህ ሦስት ወር ሙሉ ካደጉ አንድ አክሮፖራ ያክሉ፤ እሱም ከዚያው ከሚያውቁት ገንዳ የመጣ ይሁን።

ከማንም ቢገዙ ተባይን በቸልታ አይለፉ፤ ወዳጅ ስለሰጠዎት ከተባይ ነፃ ነው ማለት አይደለም። አክሮፖራ የሚበላው ጠፍጣፋ ትል የኮራሉን ቀለም ስለሚመስል በዓይን አይያዝም፤ የሚያጋልጠው በሥጋው ላይ የሚተወው ክብ ክብ ፈዛዛ ንክሻ ነው። እንቁላሉን የሚጥለው ሥጋ በሌለበት የአጽም ክፍል ላይ፣ ከሥጋው ጠርዝ አጠገብ ነው፤ ቡናማ ነጠብጣቦች ተጠጋግተው ይታያሉ። በመመሪያው ልክ በተዘጋጀ የኮራል ማጠቢያ ውስጥ ነክረው፣ ጎማ ጭንቅላት ባለው ትልቅ መምጠጫ ውሃ እየረጩ ያርግፉት፤ የረገፈውን ነጭ ሣህን ላይ ይመልከቱ። ማጠቢያው ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ የመጣበትን ሴራሚክ ቆርጠው ይጣሉ፣ ባዶውን አጽም ይቁረጡ፣ በአዲስ መሠረት ይለጥፉ፤ ከዚያ 40 ሊትር በሚይዝ ለይቶ ማቆያ ውስጥ በየሳምንቱ እየነከሩ ስድስት ሳምንት ያቆዩት። ማቆያው ማሞቂያ፣ ትንሽ የውሃ ፓምፕና መብራት ካለው፣ ውሃውም ከዋናው ገንዳዎ ከተቀዳ ይበቃል። አንድ ትል ያለበት ቁራጭ ከገባ በኋላ ሁሉንም አክሮፖራ ነቅሎ ማከም ግድ ይሆናል፤ ድንጋይ ላይ ያደገ ከሆነ አይነቀልም።

ለልውውጥ ብለው ዞአንቲድ መቁረጥ ከጀመሩ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አይንኩት። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የተባለ አደገኛ መርዝ አላቸው። የበቀሉበትን ድንጋይ በፈላ ውሃ ለማጽዳት መሞከር እንፋሎቱ ቤተሰብን በሙሉ ሆስፒታል የሚያደርስ ነገር ነው።

ሱቆቹን ግን አይተዉአቸው። ጨዉን፣ በረዶ የሆነውን የዓሣ ምግብ፣ ዓሣውን፣ ቀንድ አውጣውን ከእነሱ ይግዙ፤ የተጣራ ውሃም ከገዙ በቲዲኤስ (በውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን) መለኪያ 0 መሆኑን እዚያው ቆመው ይለኩ። ማሞቂያዎ እሑድ ከሰዓት ሲቃጠል ማክሰኞ የሚደርስ ዕቃ አያድንዎትም። ኮራልዎ ሲያድግም ቁራጮቹን ተቀብለው በዋጋቸው ልክ ሌላ ዕቃ ይሰጡዎት እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ ብዙ ሱቆች በዚያ መንገድ ይሠራሉ። በአካባቢው ውሃ ያደገ ቁራጭ ከሎስ አንጀለስ ሳጥን ይልቅ ለሱቁ ገንዳ ይበረታል፤ ያልሞተ ዕቃ ስለሆነም ለሚቀጥለው ጀማሪ በ80 ሳይሆን በ30 ወይም በ40 ዶላር ሊሸጥ ይችላል።